ዘጠነኛው ችካል

አጎቴ በየጠዋቱ ከቤት ከመውጣቱ በፊት በረንዳው ላይ ያለችውን የእንጨት ወንበር ያነሳል። የመቀመጫዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጉልበቱ ከፍ ያደርጋታል፤ ከሥሯ ያለውን ወለል ለአንድ ትንፋሽ ያህል ያያል፤ ከዚያ አራቱንም እግሮቿን በነበሩበት ቦታ መልሶ ያሳርፋታል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አንዳንድ ቀን የደረቀ ቅጠል ይገኝበታል፣ አንዳንድ ቀን ጉንዳን፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም የለም። ቅጠሉንም አያነሳውም፣ ጉንዳኑንም አይነካውም። አይቶ ብቻ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሰሞን ሚስቱ የጠፋበት ነገር ያለ መስሏት አብራው ጎንበስ ትል ነበር። አሁን ግን ከወጥ ቤት ሳትወጣ ድምጿን ብቻ ትልክለታለች።

«ዛሬስ ጣለች?»

«አልጣለችም።»

«በቃ አርደን እንገላገላት! አምስት ወር ሙሉ አንድ እንቁላል እንኳ?»

እሱ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ግን ከከንፈሩ አያልፍም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ለምን እንደሚያነሳትም ታውቃለች። ቀልዱን በየቀኑ የምትደግመው ያለሱ ያ ጠዋት ዝም ብሎ ስለሚያልፍና ዝምታው ስለሚከብዳት ነው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ለሃያ አንድ ዓመት የአፈር ናሙና ሲሰበስብ ኖሯል። ሰው መሬት ከመግዛቱ በፊት አፈሩ ንጹሕ ይሁን የተበከለ ማወቅ ሲፈልግ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ላቦራቶሪው ደግሞ አጎቴን ይልክለት ነበር። በመሥሪያ ቤቱ «የአፈር ሐኪም» ይሉታል። ሲጠሩት ይስቃሉ፤ ግን አንድ ነገር ሲጠራጠሩ የሚጠይቁት እሱን ነበር።

የሥራ ዕቃው ብዙ አይደለም። ቁመቱ እስከ ደረቱ የሚደርስ የብረት መሰርሰሪያ፣ አንድ ባልዲ፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ዘጠኝ የእንጨት ችካሎችና ጥቂት ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶች። መሰርሰሪያውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልሎ አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» ይለዋል ትኬት ቆራጩ።

«ቴርሞሜትር።»

«ለዝሆን ነው?»

«ለመሬት። ትኩሳት እንዳላት ለማየት።»

ቦታው ሲደርስ መጀመሪያ ግቢውን ምንም ሳይናገር ይዞራል። ሣሩ የት ጋ እንደሚሳሳ ያያል፤ ውሃ የት እንደሚተኛ ያያል። ከዚያ ጥቂት አፈር ቆንጥሮ በጣቶቹ ያሸዋል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ወስዶኝ እያስሸተተ አስተምሮኝ ነበር። «ናፍጣ ይሸታል፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፤ ቀለምና ቤንዚንም ይሸታል» አለኝ። «አንድ የማይሸት አለ፤ እርሳስ የሚባለው ብረት። ከመኪና ባትሪ ይወጣል፣ ከድሮ ቀለም ይወጣል፣ አፈር ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። እሱን የሚያገኘው መሰርሰሪያና ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ አፍንጫሽን አትመኚው።»

አሠራሩ ይህ ነው። ግቢውን በሲባጎ ለዘጠኝ ይከፍለዋል፤ በየክፍሉ መሐል አንድ ችካል ይተክላል። ከየችካሉ ሥር ስንዝር ተኩል ሰርስሮ አንድ እፍኝ አፈር ያወጣል። ዘጠኙን እፍኝ ባልዲው ውስጥ ያደባልቃል፤ ከድብልቁ አንድ ከረጢት ይሞላል። ላቦራቶሪው የከረጢቱን ግማሽ ይመረምርና ሌላውን ግማሽ ለአምስት ዓመት መጋዘን ያስቀምጠዋል። ከዘጠኙ እፍኝ አንዱ እንኳ ክፉኛ የተበከለ ከሆነ ድብልቁ ውስጥ ገብቶ መታየቱ አይቀርም። እንደ ድንጋይ፣ እንደ ግንብ ያለ ነገር ከልክሎት ያልተቆፈረ ችካል ካለ ደግሞ ፎርሙ ላይ «አልተወሰደም» ብሎ ምክንያቱን መጻፍ አለበት። አንድ ቃል ናት። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ጽፏታል።

የአጎቴ ችግር ሥራ አለማወቅ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ስንስቅበትም ኖረናል። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ አንድ የማያውቀው ሰው ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ «እንዳልቀሰቅሰው ብዬ» አራት ፌርማታ አልፎ በእግሩ ተመልሷል። ሌላ ጊዜ ጫማ ሻጩ ተንበርክኮ ስላለካው ብቻ ሁለት ቁጥር የሚያንሰውን ጫማ ገዝቶ መጣ። ሚስቱ ጫማውን አገላብጣ አየችውና «ይሄን ለጣትህ ነው ለእግርህ?» አለችው። እናቴ ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። አሁን ግን አታወራውም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ልብስ ሰፊና ሚስቱ ወደ ላቦራቶሪው መጡ። የሚኖሩት በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነበር። የስፌት መኪናው አልጋው አጠገብ ይቆማል፤ አምስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ልጃቸው ቀን ቀን የምትተኛው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ነው። ጉንጯ የሞላ ስለነበር ሁሉም «ድንቡሼ» ይላታል። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ግቢያቸውን ሊሸጡላቸው ተስማምተው ነበር። ሰፈሩ ድሮ ብዙ የእጅ ሥራ ይሠራበት እንደነበር የሰማችው የልብስ ሰፊው ሚስት ግን «አፈሩ ሳይመረመር ልጄን እዚያ አላስገባም» ብላ ያዘች።

«ሱሪ እንኳ ሳንለካ አንሰፋም» አለ ልብስ ሰፊው እየሳቀ። «ይለካልን እንጂ።»

አጎቴ ሊለካ ሄደ። ቀኑ ሙቀት ነበር። ሻጯ እማማ እግራቸው አብጦ በምርኩዝ ነው የሚራመዱት። ፎርሙ ላይ «ከዚህ በፊት ምን ይሠራበት ነበር?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ጠየቃቸው።

«ባለቤቴ የመኪና ነገር ይሠራ ነበር» አሉት። «ከሞተ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው።» ከዚያ ዓይናቸው ሞላ። አጎቴ «የመኪና ምን?» ማለት ነበረበት። እንባቸውን ሲያይ እስክሪብቶውን ከፎርሙ ላይ አነሳ። «ጋራዥ» ብሎ ብቻ ጻፈ፤ ጋራዥ ከሆነ ዘይት ይሸተኛል ብሎ ግቢውን እያሸተተ ዞረ። ምንም አልሸተተውም። አፍንጫሽን አትመኚው ያለኝ ሰውዬ እሱ ራሱ አመነው።

ስምንቱን ችካሎች ሰረሰረ። ዘጠነኛው ቦታ ግቢው ጥግ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ነበር። እማማ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ፣ ጥላው ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ያያሉ።

«መሰርሰሪያዬን ይዤ ሦስት እርምጃ ላይ ቆምኩ» አለኝ አጎቴ። «‹እማማ፣ ይነሱልኝ› ማለት ነው። ሌላ ነገር የለውም። አላልኳቸውም። እግራቸውን አየሁት፤ እንደ ትራስ አብጧል። ቤታቸውን ለቀው ሊወጡ ነው፤ ደግሞ ከወንበራቸውም ላስነሳቸው? አንድ እፍኝ አፈር ምን ልዩነት ያመጣል አልኩ።»

ወደ ስምንተኛው ችካል ተመለሰ። ከዚያው ጉድጓድ ሁለተኛ እፍኝ አወጣ፤ ባልዲው ውስጥ ጨመረው። ፎርሙ ላይ «ዘጠኝ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ልብስ ሰፊው ግቢውን ገዛ፤ አሮጌውን ቤት አድሶ ገባበት። ከወር በኋላ በወረቀት የተጠቀለለ ሱሪ ይዞ ላቦራቶሪው መጣ፤ ለአጎቴ በእጁ የሰፋው ነው። በቀኝ በኩል ሜትሩን የሚይዝ ጥልቅ ኪስ አውጥቶለታል።

«ሳትለካኝ እንዴት አወቅኸው?» አለው አጎቴ።

«አንተ መሬቴን ስትለካ እኔ አንተን እለካ ነበር!»

አጎቴ ያንን ሱሪ ሁለት ዓመት ሙሉ ለበሰው። ወገቡ ላይ ልክ ነበር፤ በሕይወቱ ልክ የሆነለት ልብስ እሱ ብቻ እንደነበር ሚስቱ ትናገራለች።

ባለፈው ዓመት የልብስ ሰፊው ሚስት ልጇን ይዛ እንደገና ላቦራቶሪው መጣች። አጎቴ በመጀመሪያ ልጅቷን አላወቃትም። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ፊቷ ገርጥቷል። ሆዷን ያማታል፣ አትበላም፣ የተማረችውን ፊደል ማግስቱን ትረሳዋለች። ሆስፒታል ደሟ ተመርምሮ እርሳስ ተገኘበት። ሐኪሙ «የምትጫወትበትን አፈር አስመርምሩ» ብሎ ላካቸው።

«ተመርምሮ ነበርኮ» አለች እናቲቱ፣ የድሮውን የውጤት ወረቀት ዘርግታ። አጎቴን አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንዲያውም በደንብ የሚያውቁትን ሰው እንዳገኙ ሁሉ ፊቷ ቀለል አለ። «እርስዎ ነበሩ የሠሩልን። አይደል? እስቲ እንደገና ይዩልን።»

«ልቤ ስንጥቅ አለ» ይላል አጎቴ። «ሌላው ሰው ጉዱን ሳያውቅ እኔ አወቅሁት። ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ይላል። እኔ ደግሞ የት ጋ እንደምትከፈት አውቄያለሁ።»

የላቦራቶሪው ኬሚስት ወጣት ሴት ናት፤ ዙሪያ ጥምጥም ወሬ አትወድም። በዚያው ቀን ከአጎቴ ጋር ወደ ግቢው ሄደች። «አሁን አናደባልቅም፣ እያንዳንዱን ችካል ለብቻው» አለችው። ዛፉ ሥር ልጅቷ የጭቃ ዳቦ የምትጋግርባቸው የቆርቆሮ ክዳኖች ተደርድረው ነበር። አጎቴ ክዳኖቹን አንድ በአንድ አንስቶ ግድግዳው ጥግ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ መሰርሰሪያውን ተከለ። ስንዝር ሳይሞላ ብረቱ ተንቋቋ። ጥቁር አፈር ወጣ፤ ከአፈሩ ጋር ግራጫ ስብርባሪና የተቀጠቀጠ የባትሪ ሽፋን። ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።

አንድ የጎረቤት ሽማግሌ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። «የሟቹ ባትሪ ነዋ!» አሉ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። «ቀኑን ሙሉ እዚያች ዛፍ ሥር ተቀምጦ የመኪና ባትሪ ሲፈታ፣ ሲያድስ ነበር የሚውለው። አሲዱን የሚደፋው እዚያው ነው። ነፍሱን ይማረው፣ ታታሪ ሰው ነበር።»

ከሦስት ቀን በኋላ ኬሚስቷ ሁሉንም ቢሮዋ ጠራቻቸው፦ ልብስ ሰፊውን፣ ሚስቱን፣ አጎቴን። ጠረጴዛዋ ላይ ከመጋዘን ያስወጣችው የድሮው ከረጢት ነበር። የአጎቴ ፊርማ አለበት። እንደገና መርምራዋለች።

«ንጹሕ ነው» አለች። «ድሮም ንጹሕ ነበር፣ አሁንም ንጹሕ ነው። የዛፏ ሥር አፈር ግን አንድ እፍኝ ብቻ እዚህ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ውጤቱን ይገለብጠው ነበር። ስለዚህ እዚህ ውስጥ አልገባም።» ወደ አጎቴ ዞረች። «ጋሼ፣ የዘጠኝ ቦታ አፈር ነው?»

አጎቴ የለበሰው ልብስ ሰፊው የሰፋለትን ሱሪ ነው፤ እጁ ጥልቁ ኪስ ውስጥ ሜትሩን ጨብጧል።

«ስምንት ነው» አለ።

«ዘጠነኛውስ?»

«ዘጠነኛው ቦታ ላይ… እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠውበት ነበር። ይነሱልኝ ማለት አፈርኩ።»

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ተቀምጣበት? ባሏ መርዝ የደፋበት ቦታ ላይ መርማሪ ሲመጣ ወንበር አውጥታ ተቀመጠችበት?» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «አውቃ ነው! አውቃ ነው የተቀመጠችበት! ይሄ ሰውዬማ ምን ያድርግ፣ ሞኝ ነው፣ ይሉኝታ ገደለው። እሷ ግን! የልጄን ዕድሜ ላዩ ላይ ተቀምጣ ሸጠችልኝ!»

አጎቴ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው።

ይህን ሲነግረኝ ጣቶቹን እያፍተለተለ ነበር። «ጥፋቴን ልናገር ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት» አለኝ። «ስወጣ ግን ጥፋቱ እኔ ላይ አልነበረም። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ‹አይዞህ› አለኝ። እኔን! አይዞህ!»

ዛፉ ተነቀለ፤ የዚያ ጥግ አፈር በሙሉ ተቆፍሮ በመኪና ተወሰደ፤ በምትኩ ንጹሕ አፈር መጣ። አጎቴ ማንም ሳይጠራው አካፋ ይዞ አሥራ አንድ ቀን ቆፈረ። የልብስ ሰፊው ሚስት በየቀኑ ውሃ ታመጣለታለች። እሱ ቀና ብሎ አይቀበላትም፤ ብርጭቆውን አጥሩ ላይ እንድታስቀምጥለት ያደርጋታል። ድንቡሼ መድኃኒት እየወሰደች ነው። ደሟ ውስጥ ያለው እርሳስ በየሁለት ወሩ ይለካል፤ እየቀነሰ ነው፤ ትምህርት ቤትም ተመልሳለች። ሐኪሙ ግን ያለፈው ምን ያህል እንደጎዳት ገና አናውቅም ይላል። አጎቴ የእያንዳንዱን ምርመራ ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል።

መሥሪያ ቤቱ አላባረረውም። እሱ ራሱ ከመስክ ሥራ አንሱኝ አለ። አሁን ከኋላ ባለችው ክፍል፣ ማድረቂያው አጠገብ፣ የአፈር ወንፊቶችን ያጥባል። ሱሪው ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ሚስቱ አንድ ቀን «ለሰው እንስጠው» አለችው። «ለማን?» አላት። ማን ሊለብሰው ይችላል እንደማለት ነበር፤ እሷም ሳጥኑን ዘጋችው።

እማማስ? እማማ ግቢያቸውን ከሸጡ ወዲህ ሦስት መንገድ ዝቅ ብሎ ከሴት ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። «አውቃ የተቀመጠች» የሚለው ወሬ ከኬሚስቷ ቢሮ ወጥቶ ሰፈሩን ለመዞር አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። መጀመሪያ ሰላምታው ቀረ፤ ቀጥሎ አንቱታው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የደረሱ ሴት በየአፉ «እሷ» ሆኑ። እሳቸውም ለሚሰማቸው ሁሉ «አላወቅሁም ልጆቼ፤ ባትሪ ልጅ ያሳምማል ብሎ ማን ነገረኝ?» ይላሉ። የሚሰማቸው ግን የለም። «ካላወቀች ለምን እዚያው ላይ ተቀመጠች?» ይላል ሰው ሁሉ። ነገሩ የቆመው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ከአምስት ወር በፊት አጎቴ ዳቦ ቤት ተሰልፎ ነበር። እማማ በምርኩዛቸው እየተንፏቀቁ መጡና ከሰልፉ ጅራት ቆሙ። ድሮ ቢሆን «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ተብሎ መንገድ ይከፈትላቸው ነበር። ማንም አልዞረም። እግራቸው ሲንቀጠቀጥ ግድግዳውን ደገፍ አሉ።

ከፊት ያለች አንዲት ሴት ጎረቤቷን በክርኗ ጎሰም አደረገች። «ኧረ ወንበር አምጡላት» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «መቀመጥ ትወዳለች።»

ሰልፉ ሳቀ። ዳቦ ሻጩም ሳቀ።

እማማ የሳቁትን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ዓይናቸው ከአጎቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። አልተቆጡም። «ልጄ» አሉት፣ ኃምሳ አምስት ዓመት የሆነውን ሰው። «አንተ ታውቃለህ እኮ።»

አጎቴ አራት ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። ከሰልፉ ወጣ። ዳቦ ሳይገዛ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱ «ዳቦውስ?» ስትለው «አለቀ» አላት። ለእሷ የዋሸው የመጀመሪያ ውሸት እንደሆነ ይናገራል። በማግስቱ ጠዋት ወንበሯን ማንሳት ጀመረ።

በሳምንቱ የእማማ ሴት ልጅ መጣች። እንድትገባ ቢለምኗትም አልገባችም፤ በር ላይ እንደቆመች ነው የተናገረችው።

«እናቴ ልካኝ ነው። ልብስ ሰፊውና ሚስቱ ቤት አንድ ጊዜ ሄደህ የዚያን ቀን የሆነውን ንገርልኝ ትልሃለች። ሌላ ምንም አልፈልግም ትላለች። እኔን አያምኑም፣ እሱን ያምኑታል አለች።»

«እሄዳለሁ» አላት አጎቴ።

«መቼ ልበላት?»

«በዚህ ሳምንት።»

ሴትየዋ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሳምንት አልፏል። ሁለት ጊዜ እስከ ልብስ ሰፊው በር ደርሶ ተመልሷል። አንደኛውን ጊዜ ድንቡሼ ከውስጥ አይታው «የአፈሩ ሰውዬ መጣ!» ብላ ስትጮህ ሰምቶ ነው የሸሸው።

«ምን ብለህ ልትነግራቸው ነበር?» አልኩት።

ያኔ ነው የነገረኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሚስቱ ቀጥሎ ለእኔ።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን አነበብኩለት። እጆቹን በጉልበቶቹ መሐል አጣብቆ ሰማኝ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አረመኝ፤ «ሁለት ስንዝር አይደለም፣ ስንዝር ተኩል ነው» አለኝ። የጫማውን ነገር ስደርስ ሚስቱ ከውስጥ ሳቀች። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ሳቋ ቆመ።

ስጨርስ እጆቹን ከጉልበቶቹ መሐል አወጣ።

«ጥሩ ነው» አለ። «እንዲህ ነው የሆነው። ሁሉንም ጻፊው፤ ሞኝነቴንም፣ ‹ዘጠኝ› ብዬ መፈረሜንም። ያቺን ግን ተያት።»

«የቷን ጋሼ?»

«ታውቂያታለሽ። መጨረሻ ላይ ያስገባሻትን። እሷን ራሴ ለልብስ ሰፊው እስክነግረው ድረስ ተያት።»

«መቼ ትነግረዋለህ?»

«በዚህ ሳምንት።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምንም አልቀለደችም። እሱን አይታ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ የተቀመጥኩባትን ወንበር።

«እሺ ጋሼ» አልኩት። እንባው ዓይኑ ላይ ቆሞ እያየሁ እምቢ ማለት አፈርኩ። ደብተሬን ዘግቼ ተነሳሁ። እግረ መንገዴን በዳቦ ቤቱ በኩል ነበር የማልፈው፤ እማማ ከሰልፉ ጅራት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው የመጣች ሴት አልፋቸው ቆመች። ያንን አይቼ ነው ቤቴ ገብቼ ደብተሩን እንደገና የከፈትኩት። ይቅር በለኝ ጋሼ።

ተይው ያለኝ ይህንን ነው።

የዚያን ቀን ዘጠኙም ችካሎች ተተክለው ነበር። ዘጠነኛውም ዛፉ ሥር ተተክሎ ነበር። እማማ የወጡት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ላይ በምርኩዛቸው ቆመው ያዩት ነበር። አሳዘኑት። ወንበሯን ከበረንዳቸው ያመጣት አጎቴ ነው። ጥላ ያለው እዚያች ዛፍ ሥር ብቻ ስለነበር ችካሉን በገዛ እጁ ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወንበሯን ቦታው ላይ አስቀመጠላቸው። እማማ ከመቀመጣቸው በፊት የችካሏን ቀዳዳ በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ እዚህስ አትቆፍርም እንዴ? ከከለከልኩህ ልነሳልህ።»

«ኧረ ይቀመጡ እማማ» አላቸው። «የቆፈርኩት ይበቃኛል።»